ቀይ ቀለም የተቀባው ታኮ

መኪና ቆሞበት የነበረ ድንጋይ አስፋልት መሀል ተጥሎ ባየሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ልጆቼ «አባዬ ደግሞ ጀመረው» ይሉኛል። ይበሉ! ጎማ ሥር ድንጋይ ወሽቆ ካደረ በኋላ እዚያው ጥሎት የሚሄድ ሾፌር፣ ከኋላው የሚመጣው ሰው የናት ልጅ አይመስለውም። እኔ በዚያ ድንጋይ የተነሳ እንጀራዬን አጥቻለሁ፣ ታስሬያለሁ፣ የሚስቴ ወንድም ጣቶቹን አጥቷል። ስለዚህ ብቆጣ አይፈረድብኝም። እስቲ ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱኝ።

አሰብ የወረድኩት ጎረምሳ ሳለሁ ነው። አጎቴ ከደሴ ሄዶ እዚያ ሱቅ ከፍቶ ነበርና «ና አግዘኝ» አለኝ። ሱቅ ግን አልሆነልኝም። ስኳር እየመዘንኩ ሐሳቤ ሚዛኑ ላይ ነበር። ለምን ወደ ግራ ያዘነብላል እያልኩ ስፈታታው፣ አጎቴ «ደንበኛ አሸሸህብኝ» ብሎ አባረረኝ። ወላሂ ደስ አለኝ! አንድ የጭነት መኪና ድርጅት ጋራዥ ገብቼ ብየዳውንም በቶርኖ ብረት መቅረጹንም እዚያው ተማርኩ። ይህ የምነግራችሁ ነገር ሲደርስብኝ ደርግ ከገባ ሰንበትበት ብሏል፤ እኔም አግብቼ ወልጄ፣ የተሰበረ ነገር ሲመጣ «ለሰይድ ስጡት» የምባል ሰው ሆኛለሁ።

አሰብን ያላየ ሰው ወደብና ሙቀት ብቻ ይመስለዋል። ኑሯችን ግን መኪና ነበር። ከመርከብ የወረደውን እህል፣ ስሚንቶ፣ ብረት ተሸክመው ወደ መሀል አገር የሚወጡ ባለ ተሳቢዎች ሲገቡና ሲወጡ ይውላሉ። እነዚህ መኪናዎች ዳገት ላይ ሞተር ጠፍቶባቸው ወይ ጎማ ፈንድቶባቸው ሲቆሙ፣ ሾፌሩ ፍሬኑን ረግጦ «ታኮ!» ብሎ ይጮኻል። ረዳቱ ከጋቢናው ዘሎ ይወርድና ድንጋይ ወይም የእንጨት ሽብልቅ ከጎማው ኋላ ይወሽቃል። መኪናው በዚያች ቅጽበት ወደ ኋላ ሸርተት ካለ፣ ለረዳቱ አላህ ይድረስለት።

የሚስቴ የዘሃራ ወንድም ኢብራሂም ረዳት ነበር። ትልቅ ሰው ነው፤ የልጆች አባት፣ ተጫዋች፣ መኪና ሥር ተኝቶ እንኳ ቀልድ የማያልቅበት። አንድ ጊዜ አብሮት የሚሠራ ረዳት ሚሌን አልፎ ዳገት ላይ እግሩን ጎማ ሄደበትና አንድ እግሩን ትቶ ተመለሰ። ያን ቀን ዘሃራ ምሳ አቅርባልኝ አጠገቤ ቆመች።

«ለሰው ሁሉ ታበጃለህ» አለችኝ። «ለወንድሜ ያን ድንጋይ የሚተካ ነገር መሥራት አቃተህ?»

«ድንጋይ በምን ይተካል?» አልኳት።

«እኔ ምን አውቅልሃለሁ! ብረት የምትቀጠቅጠው አንተ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሥራ ሰዓት በኋላ የተጣለ ብረት እየለቀምኩ ስለካ፣ ስቆርጥ፣ ስበይድ፣ ሳበላሽ ሰነበትኩ። በመጨረሻ የወጣው ነገር ቀላል ነበር። ከኋላው ጎማ በስተኋላ፣ ከመኪናው ሆድ ሥር ሻንሲው ላይ በማጠፊያ የተንጠለጠለ የብረት ታኮ ነው። አንዲት ፒን ይዛዋለች። ከፒኗ የተነሳ የሽቦ ገመድ እስከ ጋቢናው ይዘልቃል። ሾፌሩ ገመዱን ሲስብ ፒኗ ትሾልካለች፣ ታኮው በገዛ ክብደቱ ወርዶ ጎማው ሥር ይገባል። መኪናው ወደፊት ሲሄድ ደግሞ በሰንሰለት ተጎትቶ ይነሳል። ረዳቱ መውረድ የለበትም፣ መንገድ ላይም ድንጋይ አይቀርም። በቃ!

አሰብ ሜዳ ስለሆነ የሞከርነው ጋራዣችን ግቢ ውስጥ ከባድ ማሽን ለመጫን አፈር ተቆልሎ የተሠራው ዳገት ላይ ነው። መኪናውን የነዳልኝ ጋሽ ወልዱ የሚባሉ አንጋፋ ሾፌር ነበሩ፤ ኢብራሂም የእሳቸው ረዳት ነው። ጋሽ ወልዱ ዳገቱ ላይ ቆሙ፣ ገመዱን ሳቡ፣ ፍሬኑን ለቀቁ። መኪናው ትንሽ ነቅነቅ አለና ጸጥ። እንደገና አስሞከርኳቸው። እንደገና ጸጥ።

«እንግዲህ እኔን ምን ልታደርጉኝ ነው?» አለ ኢብራሂም። «ጋቢና ቁጭ ብዬ ሽንት ሊመጣብኝ ነው?»

ጋሽ ወልዱ ግን አልሳቁም። ወርደው ታኮውን በእጃቸው ዳሰሱትና «ሰይድ፣ የእጅህን አይንሳን» አሉኝ። እኔ ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ምርቃት አግኝቼ አላውቅም።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ጥሩ ነበር። ግን አንድ ከመርከብ የወረደ ፈረንጅ መካኒክ ዕቃ ሊያስቀርጽ መጥቶ ታኮውን አየው። ተንበርክኮ አየ፣ ገመዱን ሳብ አደረገ፣ ሳቀ፣ ከዚያ በጣልያንኛ አንድ ነገር ጠየቀኝ። ጋሽ ወልዱ ጣልያንኛ ያውቃሉ።

«ብሬቬቶ አለህ ወይ ነው የሚልህ» አሉ።

«ምንድነው እሱ?»

«እነሱ አገር ሰው አንድ ነገር ሲፈጥር መንግሥት ይመዘግብለታል። የእገሌ ነው ይባላል። ሌላ ሰው የኔ ነው ማለት አይችልም።»

እናንተዬ፣ ይህች ቃል ናት እንቅልፍ የነሳችኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ገንዘብ አላማረኝም። የኢብራሂም እግር እንዲተርፍ ፈለግሁ፤ ያ አንድ ነገር ነው። ሌላው ግን ይህን የሠራው ሰይድ ነው እንዲባልልኝ ፈለግሁ። ምን ነውር አለው? ገበሬ እርሻው በስሙ ሲጠራ ደስ ይለው የለ?

ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ወጣሁ። አንዱ ቢሮ «ይህ የንግድ ጉዳይ ነው» አለኝ፤ የንግዱ ቢሮ «እኛ ሱቅ እንጂ ሐሳብ አንመዘግብም» አለኝ። የቀረኝ የጋራዣችን የሠራተኞች ኮሚቴ ሊቀመንበር ጓድ ታረቀኝ ነበር። ድሮ ዕቃ ግምጃ ቤት ጎማ ያድል የነበረ ሰው ነው፤ አብዮቱ ድምፅ ማጉያ ሰጠውና ከዚያ ወዲህ ዝም ብሎ አያውቅም።

«መንግሥት እንዲመዘግብልኝ ነው የምፈልገው፤ የኔ ፈጠራ ነው ተብሎ» አልኩት።

«የኔ?» አለኝ። «ጓድ ሰይድ፣ መሬት የሕዝብ ሆኗል። ቤት የሕዝብ ሆኗል። አንተ ሐሳብህን የግል ንብረት ልታደርግ ነው?»

«ጓድ፣ ሐሳቤን አልደብቅም። መኪናው ሁሉ ይግጠመው። ስሜ ብቻ ይጠራ ነው የምለው።»

ትንሽ አሰበና ፊቱ በራ። ለአብዮት በዓል ሰሞን ከአዲስ አበባ ትልቅ እንግዳ ሊጎበኘን እንደሚመጣ፣ ለእሳቸው የሚታይ ነገር ሲፈለግ እንደነበር ነገረኝ። «እሳቸው ካጸደቁት በአገሪቱ መኪና ሁሉ ላይ ይገጠማል፤ የምስክር ወረቀት ይመጣልሃል፣ ስምህ በሬዲዮ ይነገራል» አለ። አመንኩት። ዘሃራ እንኳ «ይሄ ሰውዬ ለጎማ ስንት ያስለምን የነበረው አይደለም?» ብላኝ ነበር። አልሰማኋትም።

እንግዳው የሚመጡበት ዋዜማ ታኮውን አጠብኩ፣ ፒኗን ቅባት ቀባሁ፣ ማጠፊያውን ፈተሽኩ፣ ሁሉም እንደ ቅቤ ይንሸራተታል። አልሐምዱሊላህ ብዬ ቤቴ ገባሁ። በነጋታው ጧት ግቢው ስደርስ ጉድ ፈላ። የግቢው በር ቀይ፣ የዛፎቹ ግንድ ቀይ፣ የመንገዱ ዳር ድንጋይ ቀይና ነጭ። እንግዳ ሲመጣ ያገኙትን ሁሉ መቀባት የዘመኑ ወግ ነበር፤ ለምዶብን ነበርና አልደነቀኝም። መኪናው ጋ ስደርስ ግን በቦታዬ ቆምኩ። ታኮው ቀይ ነው። ማጠፊያው ቀይ ነው። ፒኗ ከነቀዳዳዋ፣ ከነቅባቷ፣ ወፍራም የዘይት ቀለም ተለቅልቃለች። በአሰብ ሙቀት ቀለም ለመድረቅ ማን ሊቀድመው! ገመዱን ሳብኩት። አልነቃነቅ አለኝ።

ታኮው አናት ላይ ደግሞ ሰሌዳ ተሰቅሏል። «የሠራተኞች ኮሚቴያችን የፈጠራ ውጤት» ይላል። ስሙን ተውኩት፤ ሰሌዳውን እንኳ በወጉ ለማንበብ ጊዜ አልነበረኝም። የብርጭቆ ወረቀትና ቤንዚን ይዤ ሮጥኩ። ገና አንድ ጊዜ ፈገፈግ ሳደርግ ጓድ ታረቀኝ ከኋላዬ ደረሰ።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«ቀለሙን ላነሳው ነው። ፒኗ ተጣብቃለች፣ አትወጣም።»

«ቀይ ቀለም ልትፍቅ?»

«ሌላ ቀለምም ቢሆን እፍቀው ነበር! አይሠራም እያልኩህ ነው!»

ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። «ሰይድ፣ እንግዳው በር ላይ ናቸው። አንተ በአብዮት በዓል ሰሞን ቀዩን ቀለም በቤንዚን ስታጥብ ቢያዩህ ምን የሚባል ይመስልሃል? እኔስ ምን ልበል?»

«ጓድ ታረቀኝ፣ እባክህን፣ ፒኗን ብቻ። የጣት ያህል ናት።»

«አንዱን ከፋቅክ ሁሉም ይታያል። ተወው። ብረት አይደል፣ ገመዱን ጠበቅ አድርገው ይሳቡት።»

«እንግዲያስ ሙከራው ይቅር! ቆሞ ይታይ!»

«በፕሮግራሙ ተይዟል» አለና ሄደ።

ፕሮግራም! በዚያ ዘመን አንድ ነገር በፕሮግራም ከተያዘ አላህም የሚያነሳው አይመስላቸውም ነበር። ወደ ጋሽ ወልዱ ሮጥኩ። ጋቢናው ውስጥ ናቸው፤ መኪናው ስሚንቶ ተጭኖ ዳገቱ ላይ ወጥቷል፣ ከሥሩ ዳስ ተጥሎ ወንበር ተደርድሯል። «ጋሽ ወልዱ፣ ፒኗ ተጣብቃለች፣ ፍሬኑን እንዳይለቁ!» አልኳቸው። «አልለቅም» አሉኝ። ምነው ነገሩ በዚህ ባለቀ!

እንግዳው መጡ፣ ጭብጨባው ተጨበጨበ፣ መፈክሩ ተፈከረ። ጓድ ታረቀኝ በድምፅ ማጉያው «ኮሚቴያችን ሌት ተቀን ደክሞ የፈጠረው» እያለ አብራራ። እኔ ከሕዝቡ ጋር ቆሜ ላቤ ይንቆረቆራል። ጋሽ ወልዱ ገመዱን ሳቡ። ታኮው አልወረደም። እሳቸውም ፍሬኑን እንደረገጡ ቆዩ። ከዳሱ ያለ ሰው ግን ምን ያውቃል? መኪናው ቆሟል፤ ጭብጨባው ቀለጠ።

እንግዳው ግን ብልህ ሰው ነበሩ፤ ያ ብልህነታቸው ጎዳን። «ፍሬን ተይዞ አለመሆኑን በምን አወቅን? ሾፌሩ ይውረድ» አሉ።

ጋሽ ወልዱ ከጋቢናው አንገታቸውን አወጡ። «ጌታዬ፣ ታኮው ገና አልወረደም...» ሲሉ ጓድ ታረቀኝ በድምፅ ማጉያው «ጓድ ሾፌር፣ እንዲወርዱ ታዘዋል!» ብሎ አንባረቀባቸው። ሽማግሌው የእጅ ፍሬኑን ሳቡ። የዚያን መኪና የእጅ ፍሬን ሁላችን እናውቀዋለን፤ ለስሙ ነው ያለው። «አይውረዱ!» ብዬ ጮኽኩ፤ ጩኸቴን ጭብጨባው ዋጠው። ወረዱ።

መኪናው ትንሽ ቆየ፤ እኔም ያ ረቢ፣ ያ ረቢ እላለሁ። ከዚያ ሸርተት ማለት ጀመረ። መጀመሪያ ቀስ ብሎ ነበር፤ ሰው እንኳ አላወቀም። ቀጥሎ ግን ክብደቱ ያዘውና ወደ ዳሱ ቁልቁል ወረደ። ሴቱ ወንዱ ተንጫጫ፣ ወንበር ተገለበጠ፣ እንግዳውን ጠባቂዎቻቸው አንጠልጥለው ሮጡ። በዚያ መሀል አንድ ሰው ወደ መኪናው ሲሮጥ አየሁ። ኢብራሂም ነው። ከመንገዱ ዳር ከተቀቡት ድንጋዮች አንዱን መንጭቆ፣ እንደ ለመደው፣ ዕድሜ ልኩን እንዳደረገው፣ ጎማው ሥር ገባ።

መኪናው ቆመ። ኢብራሂም ግን ተነስቶ አልቀለደም። እጁ ድንጋዩና ጎማው መሀል ነበር። ሆስፒታል ሲደርስ ሁለት ጣቶቹ እንደማይተርፉ ተነገረ።

እንግዳው አቧራቸውን እያራገፉ ተመለሱ። ታኮውን አዩት፣ ድንጋዩን አዩት፣ ከዚያ ምን አሉ መሰላችሁ? «ድንጋዩ ይሻላል» አሉ። ወላሂ እንዲህ ነው ያሉት። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ወዲያው «ይህን የሠራው ማነው?» ተባለ። ሰሌዳው የት እንደገባ እስካሁን አላውቅም። «ሰይድ ነው! ሰይድ!» የሚለው ድምፅ ከየአቅጣጫው መጣ። ያን ያህል ጊዜ ስሜ ይጠራልኝ ብዬ ስማጸን ያልሰማኝ ሰው ሁሉ አሁን ስሜን አላጣውም። ዳሱ ሳይነሳ «የአሻጥር ተጠርጣሪ» ተብዬ ተወሰድኩ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ጓድ ታረቀኝ እስር ቤቱ ሊጠይቀኝ መጣ። ሲጋራ ይዞልኝ ነው፤ እኔ አላጨስም።

«ሰይድ ወንድሜ» አለኝ። «ነገሩን ላቀልልህ ነው የመጣሁ። ነገ ጠቅላላ ስብሰባ አለ። ግለ ሂስ ታደርጋለህ። ይህ ታኮ የኔ ፈጠራ አይደለም፣ ከውጭ አገር መኪና ላይ አይቼ የቀዳሁት ነው በል። ስህተቱ የኢምፔሪያሊስቶች ይሆናል፣ አንተ በተግሳጽ ወደ ልጆችህ ትገባለህ።»

«ቀለሙስ?» አልኩት።

«የምን ቀለም?»

የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ይሏል ይሄ ነው። አንቄ ልይዘው አማረኝ፤ ግን ልጆቼ ታዩኝ። እውነቴን ነው፣ ሐሳቡ አባበለኝ። አንዲት ቃል ተናግሮ ቤት መግባት ማን ይጠላል? አመሻሹ ላይ ዘሃራና ኢብራሂም ራት ይዘው መጡ። እጁ በፋሻ ተጠቅልሏል። ሳየው እንባዬ ቀደመኝ። የተባልኩትን ነገርኳቸው። ዘሃራ «በላቸውና ውጣ» አለች። አልፈረድኩባትም።

ኢብራሂም ግን ራሱን ነቀነቀ። «ሰይዶ፣ ጣቴን የበላው ቀለሙ ነው። ታኮውማ ሲሠራ በዓይኔ አይቼዋለሁ። አንተ ራስህ የኔ አይደለም ካልክ ሌላ ማን ሊያምንበት ነው? ድንጋዩ ይሻላል እንደተባለ ሊቀር ነው።»

በነጋታው ስብሰባው ተጠራ። ጓድ ታረቀኝ «ይህ መሣሪያ ከኮሚቴው እውቅና ውጪ በሰይድ ብቻ የተሠራ መሆኑን የምትደግፉ» አለ። እጅ እንደ ደን ወጣ። ቀለሙን የቀባው ሰውም አወጣ፣ ዓይኑን ግን መሬት ተክሏል። ጋሽ ወልዱም አወጡ፤ ምን ያድርጉ፣ ልጆች አሏቸው። «በሙሉ ድምፅ!» ተባለና ግለ ሂሴን እንዳቀርብ ተነሳሁ።

«ጉባኤው የሰይድ ሥራ ነው ብሏል» አልኩ። «እውነት ነው። ከማንም አልቀዳሁትም። እኔ ነኝ የሠራሁት፣ ይሠራ ነበር፣ አሁንም ቀለሙ ቢነሳ ይሠራል። ታኮው የኔ ነው። ቀለሙ የኔ አይደለም።»

ማንም አላጨበጨበም፣ ማንም አልጮኸም። ጓድ ታረቀኝ ብቻ «ተቀመጥ! ተቀመጥ!» ይላል። ወደ እስር ቤቱ መለሱኝ፤ ያን ሌሊት ከተያዝኩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ወራት ከርሜ ወጣሁ። ከጋራዡ ተባርሬያለሁ። አጎቴ እንደገና ሱቁ አስገባኝና ስኳር መመዘን ጀመርኩ። ሚዛኑ አሁንም ወደ ግራ ያዘነብላል፤ አልነካሁትም። ንዴቱ ግን ደረቴ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ዘሃራ ስታናግረኝ እጮሃለሁ፣ ልጆቼ ሲስቁ ይከፋኛል። አንድ ቀን ጋሽ ወልዱ ሱቁ መጥተው ሻይ ቅጠል እንደሚገዛ ሰው ቆሙና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ያን ነገር ሥራልኝ። ሳትቀባው» አሉ። ሠራሁላቸው። ከእሳቸው በኋላ ሌላ ሾፌር መጣ፣ ከእሱም ሌላ። እኔ ምልክት አላደረግሁበትም፤ እነሱም ከማን እንዳገኙት ለኮሚቴም ለአለቃም አልተናገሩም። ያየ ሁሉ እየቀዳ በየጋራዡ ይሠራው ጀመር።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ አንድ ነገር የፈጠራችሁ ልጆች ካላችሁ፣ ዛሬ የሚመዘግብ ቢሮ አለ ይላሉ። ሂዱና አስመዝግቡ። «ስም ለምኔ» የሚል ሰው ስሙን ቀምተውት የማያውቅ ነው። እኔ ተናድጄ አልበረደልኝም፤ አይበርድልኝምም። ያን ቀን ግን አንድ ነገር ተማርኩ። የሠራሁትን የኔ ነው ማለት ካልቻልኩ፣ ልጆቼን የኔ ናቸው የምልበት አፍ አይኖረኝም።

ከአሰብ ከወጣን ከብዙ ዓመት በኋላ ከደሴ ወደ ባቲ በአውቶቡስ ስወርድ፣ ዳገቱ ወገብ ላይ አንድ ተሳቢ ጎማ ፈንድቶበት መንገድ ዘግቶ ሳለ ደረስን። አዲስ መኪና፣ ወጣት ሾፌር፣ የማላውቃቸው ሰዎች። መኪናው ሸርተት ሲል ረዳቱ ከጋቢናው ሳይወርድ ወደ ሾፌሩ ጮኸ፦

«ሰይድን ጣለው! ሰይድን ጣለው!»

ከመኪናው ሥር አንድ ብረት ቋ ብሎ ወረደና ጎማውን ያዘው። ከአውቶቡሱ ዘልዬ ወርጄ ሄድኩ።

«ልጄ፣ ሰይድ ማነው?» አልኩት ሾፌሩን።

«ሰይድ?» አለኝና በእግሩ ብረቱን ነካ አደረገው። «ይሄው ነዋ አባባ፣ ይሄ ብረት።»

«ለምን ሰይድ ተባለ?»

«እኔ እንጃ። ስሙ ነው።»

«እኔም ሰይድ ነኝ» አልኩት።

ልጁ ከልቡ ሳቀ። «አይ አባባ! እንግዲያው ሞክሼ ናችሁ!» አለና ጎማውን ሊፈታ ጎንበስ አለ።